ግማሹ ካርድ ጓደኛዬ ጋ ነው፦ ለታችኛ ክፍሎች የአማርኛ መጽሐፍ አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የታችኛ ክፍሎችን የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍና የመምህር መምሪያ ለምታዘጋጁ፣ ፈተና ለምታወጡ፣ ክፍላችን ገብታችሁ ለምትመለከቱ ሱፐርቫይዘሮች በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ስለ ጥምር ቃላት ነው። አዎ፣ ስለ «ትምህርት ቤት»፣ ስለ «ብርድ ልብስ»፣ ስለ «ሆደ ሰፊ»። አገር ስንት ጉዳይ እያለባት ለዚህ ደብዳቤ ይጻፋል ወይ የሚል አይጠፋም። እኔ ግን የምውለው ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ጋር ነው። እነሱ ዘንድ ረጅም ቃል ማንበብ መቻልና አለመቻል ቀላል ነገር አይደለም።

ልመናዬን ከፊት ላስቀምጠው። ጥምር ቃል በመጽሐፉም በመምሪያውም በትርጓሜ መጀመሩ ይቅር። በሁለት ልጆች ጨዋታ ይጀመር። ትርጓሜው ከፈለገ በኋላ ይምጣ። ባይመጣም ቅር አይለኝም።

አሁን እንዴት እንደሚሰጥ ሁላችንም እናውቀዋለን። መምህሩ ይገባና ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፦ «ጥምር ቃል ማለት ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ቃላት ተጣምረው አንድ ትርጉም ሲሰጡ ነው።» ልጆቹ ይገለብጣሉ። ከዚያ በዜማ ይሉታል። ሥሩ አምስት ስድስት ምሳሌ ይደረደራል። ደወል ይደወላል። በማግስቱ «ጥምር ቃል ምንድን ነው?» ብትሉ ክፍሉ በሙሉ እጁን ያወጣል። «ቲቸር! ቲቸር!» እያለ ከዴስኩ ላይ የሚነሳም አለ። ትርጓሜውን አንድም ቃል ሳይስቱ ያወርዱላችኋል። «እስቲ ዛሬ ጠዋት ስትመጣ መንገድ ላይ ያየኸውን አንድ ጥምር ቃል ንገረኝ» ብትሉት ግን ጭጭ ይላል። ያ ልጅ እኮ በዳቦ ቤት፣ በመድኃኒት ቤትና በጸጉር ቤት በር አልፎ ነው የመጣው። ቦርሳው ውስጥ ደግሞ ምሳ ዕቃ ይዟል።

እኔ ካርዱን የምሠራው ከፓስታ ካርቶን ነው። ሰፈሬ ያለው ባለሱቅ ያስቀምጥልኛል። በማርከር አንዱ ላይ «እግር»፣ አንዱ ላይ «ኳስ» እጽፋለሁ። «አየር» እና «መንገድ»፣ «ቁም» እና «ሳጥን»፣ «ራስ» እና «ምታት»፣ «ብርድ» እና «ልብስ» ይቀጥላሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ካርድ ይደርሰዋል። ሕጉ አጭር ነው። ግማሽህን የያዘውን ልጅ ፈልግ። ስታገኘው ሁለታችሁም አንድ ላይ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አንዳችሁ ምን ማለት እንደሆነ አስረዱ፣ ሌላችሁ በዓረፍተ ነገር አስገቡት። በቃ።

አንድ ጊዜ «ብርድ» የደረሳት ልጅ «ቤት» ከያዘ ልጅ ጋር ተገናኘች። ጮክ ብለው አነበቡት፤ «ብርድ ቤት!» ልጁ «እንዲህ የሚባል የለም» አላት። እሷ ግን በጄ አላለችም። «አለ እንጂ! የእኛ ቤት ብርድ ቤት ነው» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልፈረድኩም። የፈረደው አጠገባቸው ያለ ልጅ ነው። «እሱማ ብርዳም ቤት ነው የሚባለው» አላት። አሰበችበትና ተቀበለች። «ልብስ» የያዘውን ፍለጋ ስትሄድ ደግሞ «አልጋ» የያዘ ልጅ ቀድሟታል። «አልጋ ልብስ» ብሎ ሊቀመጥ ነው። ጭቅጭቅ ተነሳ። ይባስ ብሎ «ዝናብ» የያዘ ሦስተኛ መጣ። በመጨረሻ «ልብስ» የያዘው ልጅ መሐል ቆሞ ለሦስቱም በየተራ አነበበላቸው። አንድ ቃል ከብዙ ቃል ጋር መጣመር እንደሚችል ማንም ሰሌዳ ላይ አልጻፈላቸውም።

ለምን ጥንድ? ሒሳቡን ሥሩት። 60 ልጅ ባለበት ክፍል 40 ደቂቃው ለሁሉም እኩል ቢካፈል ለአንድ ልጅ 40 ሴኮንድ ይደርሰዋል። ያውም ስም የምንጠራበት፣ ሰሌዳ የምናጠፋበት፣ «ዝም በሉ» የምንልበት ሳይቀነስ። ጥንድ ሲሆኑ ግን በአንድ ጊዜ የክፍሉ ግማሽ ይናገራል፣ ግማሹ ይሰማል። ይህን ያህል አፍ የሚያስከፍት ሌላ ዘዴ እኔ አላውቅም።

«አንድ ለአምስት የሚባለው የተማሪዎች ቡድን አለልሽ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። አንድ ለአምስት ላይ ጎበዟ ትናገራለች፤ የቀሩት አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። በቡድን ስም ብዙ ልጅ ተደብቆ ይወጣል። በዚህ ጨዋታ ግን መደበቂያ የለም። ጎበዙም ሰነፉም በእጁ ያለው ግማሽ ነው። አንደኛ የወጣችውም ልጅ «መንገድ» የሚለውን ብቻዋን ይዛ ብትቆም የትም አትደርስም። ከኋላ የሚቀመጠው፣ ድምፁ የማይሰማው ልጅ «አየር» ይዟል። ልትፈልገው የግድ ነው።

ዴስኩ ለሦስት ነው፣ እንዴት ጥንድ ይሆናል ለምትሉም መላ አለ። ሦስተኛውን ልጅ «ሰርጎ ገብ» እንለዋለን። ሁለቱ ካርዳቸውን አጋጥመው ይይዛሉ። ሰርጎ ገቡ መሐል ለመግባት ይሞክራል። የእሱ መሣሪያ «አዲስ»፣ «ትልቅ»፣ «ቆንጆ» የሚሉ ቃላት ናቸው። ሁለቱ «ቀይ ቤት» ብለው ቢመጡ ሰርጎ ገቡ «ቀይ ትልቅ ቤት» ይላል። ያስኬዳል፤ ገባ። ስለዚህ ያ ጥምር ቃል አይደለም፣ ተራ ሐረግ ነው። «ምግብ ቤት» ብለው ሲመጡ ግን «ምግብ ትልቅ ቤት» ብሎ ራሱ ይስቃል። በሩ ዝግ ነው። ከውጭ ሆኖ «ትልቅ ምግብ ቤት» ማለት ብቻ ነው የሚችለው። የዩኒቨርሲቲ የሥነ ልሳን ተማሪ የሚማረውን መፈተሻ የሰባት ዓመት ልጅ በሳቅ ሲጠቀምበት ማየት ደስ ይላል። «ጥቁር ሰሌዳ» ላይ ግን ሁሌም ይጣላሉ። «ጥቁር ትልቅ ሰሌዳ» ይባላል የሚል አለ፣ አይባልም የሚል አለ። አንዷ ደግሞ «የእኛ ሰሌዳ አረንጓዴ ነው፣ ግን ጥቁር ሰሌዳ ነው የምንለው» አለች። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ቀለሙን ትቶ ዕቃውን የሚጠራ ቃል ሆኗል ማለት ነው። ይህን ያለችው እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም።

ሌላው መፈተሻ ብዙ ቁጥር ነው። «ትምህርት ቤቶች» እንላለን፤ «ትምህርቶች ቤት» የሚል የለም። ልጆቹ ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። እኛ ማሳየት ያለብን እንደሚያውቁት ብቻ ነው።

አሁን ወደምወደው ቦታ ልምጣ። ወደ ቃላቱ ተራ፣ የቱ ይቀድማል ወደሚለው።

«መጻሕፍት» እና «ቤት» የሚሉትን ሁለት ካርዶች ለሁለት ልጆች ስጧቸው። አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ ይቁም። «መጻሕፍት ቤት» ይሆናል። ገንዘብ ይዘህ የምትሄድበት፣ መጽሐፍ የሚሸጥበት ሱቅ ነው። አሁን ቦታ ይቀያየሩ፤ «ቤት» የያዘው ደግሞ ካርዱን ገልብጦ ጀርባው ላይ ያለውን «ቤተ» ያሳይ። «ቤተ መጻሕፍት» ሆነ። እዚህ ቁጭ ብለህ ታነባለህ፣ ወይም ተውሰህ ትመልሳለህ። ሁለት ልጆች ቦታ በመለዋወጣቸው ብቻ ሱቁ ተነሥቶ የንባብ ክፍል መጣ። ይህን ልጆች በአካላቸው ያደርጉታል። እየተሳሳቁ፣ እየተገፋፉ።

አንድ ቀን ይህንኑ በ«መንግሥት» ሞከርነው። አንዱ ልጅ «እኛ የምንኖረው መንግሥት ቤት ነው» አለ። ጥንዱ ዓይኑን አፈጠጠ። «ቤተ መንግሥት? ዘበኛ አላችሁ?» «አይ፣ የቀበሌ ነው። ኪራይ እንከፍላለን።» ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ክፍል የአማርኛውን ቤትና የግዕዙን ቤተ አምታቶ አያውቅም።

የፊደል ገበታው የሚጠቅመንም እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያሉ ገበታውን ሲያዜሙ ቆይተዋል። ለምን እንደሆነ ግን አያውቁም። በግዕዝ ቋንቋው ዓይነት ጥምር የመጀመሪያው ቃል መጨረሻ ሳድስ ከሆነ ወደ ግዕዝ፣ ማለትም ወደ አንደኛው ፊደል፣ ይመለሳል። «ቤት» ላይ ያለው ት፣ ተ ይሆናል። «ሆድ» ሆደ፣ «ልብ» ልበ፣ «አፍ» አፈ፣ «እጅ» እጀ፣ «ክፍል» ክፍለ፣ «መዝገብ» መዝገበ። አንዱ ልጅ ሳድሱን ይጠራል፣ ጥንዱ ግዕዙን ይመልሳል፣ ከዚያ ሁለተኛውን ቃል አብረው ይፈልጋሉ። «ልብ!» «ልበ!» «ልበ ሙሉ!» ኳስ እንደመቀባበል ነው። ገበታው ሥራ አገኘ። (ሣልስ ላይ የሚያልቁት፣ እነ «ጸሐፊ»፣ «ጸሐፌ ተውኔት» ላይ እንደሚታየው ሌላ ጠባይ አላቸው። እነሱን ለላይኛው ክፍል ተዉልኝ።)

የተራው ነገር በአዲስ አበባ ክፍሎች ውስጥ ሌላ ጥቅምም አለው። ቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ልጅ ትምህርት ቤትን «መነ በሩምሳ» ይላል። ቤቱ ይቀድማል። ትግርኛ የሚናገረው «ቤት ትምህርቲ» ይላል። እዚያም ቤቱ ይቀድማል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ አማርኛ ሲናገር «ቤት ትምህርት» ቢለው የራሱን ቋንቋ ደንብ ይዞ መምጣቱ ነው። ቀይ እስክሪብቶ አይገባውም። ጥንዱ አማርኛ ተናጋሪ ሲሆን ሁለቱ ቋንቋቸውን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። «እኛ ጋ መጀመሪያ ቤት ነው የሚባለው።» «እኛ ጋ መጨረሻ ነው።» ውጭ አገር ላሉ የአማርኛ አስተማሪዎችም ይህ ይሠራል። እስራኤል ያሉ ልጆቻችን ትምህርት ቤትን በዕብራይስጥ «ቤት ሴፈር» ይሉታል፤ የመጽሐፍ ቤት እንደማለት። «ቤተ መጻሕፍት»ን ለእነሱ ማስረዳት ከእኔ ክፍል ይልቅ ይቀላል።

የሰውነት ክፍል ስም ያለባቸው ጥምር ቃላት ጨዋታ ሥዕል ነው። አንዱ ልጅ ቃሉን እንደወረደ ይሥላል። ሌላው እውነተኛውን ትርጉም ይናገራል። «ጆሮ ጠቢ» ሲደርሳቸው የሚሥሉትን ብታዩ ሆዳችሁን ትይዛላችሁ። «ዓይን አውጣ» ደግሞ ማንኪያ ይዞ የቆመ ሰው ሆኖ ይመጣል። ከዚያ ጥንዱ «አያፍርም ማለት ነው» ይላል። «ሆደ ሰፊ» ትልቅ ቦርጭ ሆኖ ይሣላል፤ ትርጉሙ ግን ቻይ፣ ታጋሽ ነው። «አፈ ቅቤ» ያለ ጥንዱ አይሄድም። አንዱ «አፈ ቅቤ» ሲል ሌላው «ልበ ጩቤ» ብሎ ይጨርሳል። ትርጉሙን የሚያውቁት ከቤት ነው፤ ከአያት።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ፤ መምሪያው ላይም ይጻፍ። «አንገተ ደንዳና»ን የመሰለ ካርድ ከመስጠታችሁ በፊት ክፍሉን እዩ። ካርዱን አንብቦ የጓደኛውን አንገት የሚያይ ልጅ አይጠፋም። በአንድ ክፍለ ጊዜ የተለጠፈ ቅጽል ስም እስከ ስምንተኛ ክፍል ይከተላል። እኔ ገላን የሚነኩትን ካርዶች እየመረጥኩ አስቀራለሁ። «ዓይነ ስውር» የሚለውን ግን አላስቀርም። ቃሉ ስድብ አይደለም፤ ስድብ እንዳልሆነም መማር አለባቸው።

እንቆቅልሽን ረስተነዋል እንጂ ከጥንትም የጥንድ ጨዋታችን እሱ ነው። ለጥምር ቃል የተሠራ ይመስላል።

«እንቆቅልህ!»
«ምን አውቅልህ!»
«ስሜ ባሕር ነው፣ ውሃ ውስጥ ግን አልበቅልም።»

ባሕር ዛፍ። ከባሕር ማዶ መምጣቱን፣ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ መተከሉን ለመናገር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም። መልሱ የጠፋበት ልጅ ደግሞ እንደ ደንቡ አገር መስጠት አለበት። እኛ አንድ ደንብ ጨምረናል። የሚሰጠው አገር ራሱ ጥምር ስም ይሁን። ባሕር ዳር፣ ደብረ ብርሃን፣ ፍኖተ ሰላም፣ አርባ ምንጭ፣ ነፋስ መውጫ። «ጎንደርን ሰጠሁህ» ቢል አይቀበሉትም። አገሩ ሲያልቅባቸው ወደ ታክሲ ይወርዳሉ። ሳር ቤት፣ ጉርድ ሾላ፣ አራት ኪሎ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ሰባራ ባቡር። አንድ የረዳት ልጅ አለኝ። በዚህ ጨዋታ የሚስተካከለው የለም። ሙሉ መስመሩን በአባቱ ድምፅ ይጠራዋል። በሌላው ትምህርት እጁን የማያወጣ ልጅ ነው።

አልፎ አልፎ ደግሞ ካርዶቹን እደባልቅና የሌለ ቃል ይሥሩ እላለሁ። ሁለት ልጆች ፓወር ባንክን «ባትሪ ቤት» አሉት። ሌሎቹ ሻማን «መብራት ጠባቂ» አሉት፤ መብራት እስኪመጣ የምትጠብቅ ማለታቸው ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ ስም አላወጣም።

አንድ የግል ትዝብት ልጨምር። በብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛው ጥምር ቃል በጨዋታ ነው የሚሰጠው። ባለቀለም ወርክሺት አለ፤ መቀስ አለ፤ ሙጫ አለ። ልጁ «ስኖው» (በረዶ) እና «ማን» (ሰው) የሚሉትን ቆርጦ ያጋጥማል። በረዶ የሚያውቀው ክረምት ላይ ጣሪያ ሲደበድብ ነው እንጂ ሰው ተሠርቶበት አይደለም። «ሬይን» እና «ቦው»ንም ያጋጥማል፤ ቀስተ ደመና ማለት ነው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አማርኛ ሲገባ መቀሱም ሙጫውም ይሰበሰብና ትርጓሜ ይገለበጣል። «ቀስተ ደመና» ውስጥ ቀስትም ደመናም እንዳለ የሚነግረው የለም። እንግሊዝኛው ይቅር አላልኩም። መቀሱን ለአማርኛም አውሱት ነው የምለው።

ይህን ሁሉ የምለው ለጨዋታው ስል ብቻ አይደለም። ጉዳዩ የንባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉም ሥርዓተ ትምህርቱም ተቀይሯል። ክፍል ውስጥ ግን እስከ ዛሬ የማየው አንድ ነገር አለ። ልጁ «መዝገበቃላት» የሚል ቃል ሲያጋጥመው መ፣ ዝ፣ ገ፣ በ ብሎ ይጀምራል። ወደ መጨረሻው ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። ጥምሩን መክፈት የለመደ ልጅ ግን «መዝገበ» ብሎ ያርፋል፣ «ቃላት» ብሎ ይጨርሳል። በሁለት ትንፋሽ ያነበበውን ቃል አይረሳውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ረጅም ቃል ሲያይ አይደነግጥም።

አሁን ወደ ሱፐርቫይዘሮች ልመለስ። አክብሬ ነው የምናገረው። ይህ ጨዋታ ይጮኻል። ልጆች ይነሣሉ፣ ይዞራሉ፣ ይከራከራሉ። በምልከታ ቅጻችሁ ላይ «ክፍሉን ተቆጣጥሯል» የሚል ረድፍ አለ። በር ላይ ቆሞ የሰማ ሰው እኔ ክፍል ምንም ቁጥጥር የለም ብሎ ይጽፋል፤ ተጽፎብኝም ያውቃል። በዚያው ሳምንት ልጆቹ ክንዳቸውን አጣጥፈው በዜማ የሚሸመድዱበት ክፍል ጥሩ ውጤት አገኘ። አልተቀየምኩም፤ ቅጹ የሚጠይቀው እሱን ነው። ቅጹን ቀይሩት። ገብታችሁ ከአንድ ዴስክ አጠገብ ተቀመጡና ሁለቱ ልጆች የሚሉትን አድምጡ። ስለ ቃሉ ከሆነ የሚከራከሩት፣ ትምህርት አለ። ስለ ትናንት ኳስ ከሆነ፣ ያኔ ጻፉብኝ።

ርዕሰ መምህራንም እንዲሁ። ጎረቤት ክፍል ያለው መምህር ሊቸገር ይችላል፤ እውነት ነው። እኛ ደህና በሆነ ቀን ወደ ሜዳ እንወጣለን። በከሰዓት ፈረቃ ፀሐዩ ያስቸግራል እንጂ ሌላ ችግር የለውም።

ፈተናው ደግሞ የባሰ ነው። ምርጫ ጥያቄው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። «ከሚከተሉት ውስጥ ጥምር ቃል የሆነው የቱ ነው? ሀ) መጽሐፍ ለ) ሥነ-ጽሑፍ ሐ) ደብተር መ) እርሳስ።» አንዱን ተማሪ «እንዴት አወቅህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጭረት ያለው ነዋ!» አለኝ። ትክክል ነው። ቃሉን ማንበብም አላስፈለገውም። እንዲህ ያለው ጥያቄ ዓይንን ነው የሚፈትነው። በምትኩ አዛምድ ስጧቸው። ግማሹን በግራ፣ ግማሹን በቀኝ። ወይም «አባቴ ሆደ ሰፊ ነው» ብላችሁ ጽፋችሁ አባትየው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጠይቁ።

ጭረቱን ካነሣሁ አይቀር የአጻጻፉን ነገር ልጨርሰው። «ቤተ ክርስቲያን» በአንዱ መጽሐፍ ተለያይቶ፣ በሌላው ተጋጥሞ፣ በሦስተኛው በጭረት ተያይዞ ይገኛል። አንዳንዴ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱንም አገኛለሁ። ድሮ ሁለት ነጥቡ ቃልን ከቃል ሲለይ በነበረ ጊዜም ጥያቄው ነበረ፤ ዛሬ በባዶ ቦታ ስንለይም አለ። ሊቃውንቱ ይከራከሩበት፤ ለእነሱ ተገቢ ነው። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን በዚህ ነጥብ ሊቀነስበት አይገባም። መምህሩ ከአንዱ መጽሐፍ አስተምሮ ፈታኙ ከሌላው መጽሐፍ ሲያርም ዕዳው የልጁ ነው የሚሆነው። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ ተለያይቶ ይጻፍ። ልጁ ሁለቱን ግማሾች በዓይኑ ያያቸዋል። «ቤተሰብ»፣ «ባላገር»፣ «ፊታውራሪ» ግን በአፍም ተዋህደው አልቀዋል፤ ተጋጥመው ይቅሩ። ሌላ ብትመርጡም እቀበላለሁ። ብቻ አንዱን ምረጡና ከመጽሐፉም፣ ከመምሪያውም፣ ከፈተናውም ላይ አንድ አድርጉት።

መጽሐፉ ላይ ተቆራጭ ካርድ ለመጨመር ካሰባችሁ ተዉት። መጽሐፉ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ይመለሳል፤ የቆረጠ ልጅ ይከፍላል። የምንፈልገው የመምህር መምሪያው ላይ አንድ ገጽ ነው። በግራ የመጀመሪያ ግማሾች፣ በቀኝ ሁለተኛ ግማሾች፤ ለክፍል የሚከብዱት ተለይተው፣ ከሥር የጨዋታው ሕግ በሦስት መስመር። ካርቶን፣ ማርከርና ጫጫታ ከእኛ። ገጹ ለቀጣዩ ኅትመት ይደርስ እንደሆነ መልስ ብትሰጡን ደግ ነው፤ ካልደረሰም በወረቀት አባዝታችሁ በየትምህርት ቤቱ ብትልኩልን ያው ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የሁለተኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት፣ አዲስ አበባ